ሁለት ሴቶች በቡና ሚዛን ላይ

መክሳት ፈልጋ ምክር ለምትጠይቀኝ ሴት ሁሉ አስቀድሜ የምላት፣ ብቻሽን አትጀምሪ ነው። ቀጥዬም፣ አብራሽ የምትጀምረውን ሴት አጥንተሽ ምረጪ እላታለሁ። ስለ ቅቤና ስለ ስኳር የምነግራት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንማ ማንም ይነግራታል። እኔ ያንን ሁለተኛውን ምክር የሚሰጠኝ ሳላገኝ ስለጀመርኩ፣ ከሰውነቴ ስብ በፊት አንጀቴ ነው ያለቀው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ የምንኖረውም ዲላ። ባለቤቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ከአሪቻና ከዱመርሶ፣ አንዳንዴም ከጨለለቅቱ ድረስ ገበሬው በአህያና በትከሻው የሚያመጣለትን ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና ማለቴ ነው፣ እየገዛ አስፈልፍሎ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። መጋዘኑ ከመንገዱ ዳር፣ መኖሪያ ቤታችን ከመጋዘኑ ጀርባ ነበር። በመጋዘኑ በር ላይ ትልቁ ሚዛን ቆሟል፤ ከታች ጆንያ የሚወጣበት ሰፊ ሳንቃ፣ ከላይ መዛኙ ብረት እያንሸራተተ የሚያነበው ዘንግ አለው። ሳንቃው ላይ የሚወጣ ሰው ፊቱን ወደ ደጅ ስለሚያዞር ዘንጉን አያየውም፤ መዛኙ ያለውን ሰምቶ መውረድ ነው።

ወፍራም ሆኜ አልተወለድኩም። ሙሽራ ሆኜ ዲላ ስገባ ወገቤ በሁለት እጅ የሚጨበጥ ነበር፤ አሁን የሚያምነኝ የለም እንጂ። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ልጅ አልመጣ ሲል፣ አማቴ ምክንያቱን አገኘሁት አሉ። ቀጭን ሴት ፅንስ አትቋጥርም፣ ማሕፀኗ ይደርቃል፤ ስለዚህ መወፈር አለባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የቡላ ገንፎ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ሞልቶበት ይቀርብልኝ ጀመር። ቀን ቆጮ በአይብ፣ ማታ ክትፎ፣ በመሐሉ ደግሞ ማር የገባበት አጥሚት። ሳልጨርስ ከተነሳሁ ቅር ይላቸዋል። በአገሩ ሴት ስትወልድ የምትታረሰው እንዲህ ነው፤ እኔ ግን ሳልወልድ ታረስኩ። የአራስ ሰውነት አወጣሁና የምታቀፈው ጠፋ።

ባለቤቴ ውፍረቴን ወዶት ነበር። ያን ጊዜ የቡና ነጋዴ ሚስት መሆን ራሱ ሥራ ነው። የቡናው ወቅት ሲደርስ ጥሩ ነጠላዋን ለብሳ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ወንበር ታስወጣና ትቀመጣለች። ገበሬው ጀንፈሉን ተሸክሞ በመንገዱ ሲያልፍ በየደጃፉ የተቀመጡትን ሚስቶች እያየ ነው የሚመርጠው። የደለበችው ቤት ጥጋብ ነው፣ እዚያ ቢሸጡ ነገ ተመለስ የሚል የለም። የመነመነችው ቤት አንድ ነገር ጎድሏል፤ ይለፉት። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ተፎካካሪያችን ሚስት ወንበር አልበቃት ብሎ አግዳሚ ተሠርቶላት ነበር። ባለቤቴ አግዳሚዋን እያየ እኔን ያይ ነበር፤ እኔም አግዳሚዋን እያየሁ ልጆቿን አይ ነበር።

በመጨረሻ ጉልበቴ አልነሳም አለኝ። ባለቤቴ በጭነት መኪና አሳፍሮ ይርጋለም ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። ጉልበቴን ካየ በኋላ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቀ። የለኝም ስል ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ብዙ ጠየቀኝ። አማቴ ስለሚያቀርቡልኝ ምግብ ስነግረው አስተርጓሚው በእጁ አፉን ሸፈነ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። የአማቴን ሐሳብ ገልብጦ ነገረኝ፤ ስቡ ራሱ ልጅን ሊከለክል ይችላል፣ ስትከሺ ጉልበትሽም ይፈወሳል፣ ያኛውም ይሆን ይሆናል፣ ከስተሽ ተመለሺ አለኝ። ያዘዘውም ቀላል ነበር። ቅቤና ስኳር ቀንሺ፣ እራት በጊዜ ብዪ፣ በየቀኑ እስኪያልብሽ ድረስ በእግርሽ ሂጂ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ተመዘኚ፣ አትቸኩዪ። ከምክሩ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ይሆን ይሆናል የምትለዋ ነበረች። ያችን ቃል ይዤ ዲላ ተመለስኩ።

ጎረቤቴን አሁን ላስተዋውቃችሁ። የጭነት መኪና ያለው ሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት፤ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። ልጆቿ ከመብዛታቸው የተነሳ አንዱን ልትጠራ ፈልጋ የሌሎቹን ስም በሙሉ ሳትዞር አትደርስበትም። ይህን በሰማሁ ቁጥር፣ ስም እስኪያምታታት ልጅ ከሚሰጣት አንዱን ለእኔ ቢያደርገው ምን ነበረበት እያልኩ ከፈጣሪ ጋር እሟገት ነበር። እሷም ሞላ ያለች ነበረች፤ ግን እንደኔ አይደለችም፣ ያማረባት ሙላት ነው። የሐኪሙን ነገር ስነግራት፣ ብቻሽን በማለዳ መንገድ ለመንገድ ብትሄጂ ሰው ያወራብሻል፣ እኔም እመጣለሁ አለችኝ። ምንም ሳይጎድላት፣ ለእኔ ብላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይኸ ነው። ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ አቅፌ ስሜያታለሁ።

ማለዳ ተነስተን እስከ ለገዳራ ድልድይ ወርደን ዳገቱን ተመልሰን እንወጣለን። የዚያን ዘመን ዲላ ሴት ልጅ ያለ ጉዳይ ስትሄድ አይቶ አያውቅም። ከመንደር ቆጮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወጡት ሴቶች እየደረሱብን፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው ይሉናል። ምንም አልጠፋብንም፣ ልንከሳ ነው ስንላቸው እርስ በርስ ይተያዩና በጌዴኦኛ የሚያስቅ ነገር ይባባላሉ። አንዷ አሮጊት አንድ ቀን አጠገቤ ደርሳ ቆመችና ሸክሟን አወረደች።

"አንተ ባዶህን ከምትሄድ ይሄን ያዝልኝ" አለችኝ፤ የጌዴኦዎቹ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም።

ያዝኩላት። የቡና ነጋዴ ሚስት ቆጮ አዝላ ዳገት ስትወጣ ያየ ሁሉ ቆሞ አየ። ገበያው ዳር ስንደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ አልቦኝ አያውቅም። ስለዚህ ለጀማሪ ይህን ምክር ከአሮጊቷ ወስጄ እሰጣለሁ፤ ባዶሽን አትሂጂ፣ የምትሸከሚለት ሰው ፈልጊ።

እሁድ እሁድ መጋዘኑ ሲዘጋ እንመዘናለን። መዛኙ ለብዙ ዓመት ባለቤቴ ዘንድ የሠራ የጌዴኦ ሰው ነው፤ ጆንያ ሲመዝን የሚያሳየውን ቁምነገር ለእኛም አይነሳንም። ጎረቤቴ ትወጣለች፣ ብረቱን ያንሸራትታል፣ ያነባል፣ ትወርዳለች። እኔ እወጣለሁ፣ ያነባል፣ እወርዳለሁ። በመጀመሪያው እሁድ መነሻችንን ብቻ አወቅን። በሁለተኛው እሷ ቀነሰች፤ እኔ እንዳለሁ ነኝ። በሦስተኛውም እሷ ቀነሰች፤ እኔ እንዳለሁ ነኝ። ገና ነው አልኩ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩ። እሁድ በመጣ ቁጥር የእሷ እንቁላል ይሄዳል፣ የእኔ ተቀምጧል።

ቅናት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እስከዚያ ድረስ የማውቀው ቅምሻውን ነው። አብረን ወርደን አብረን እንወጣለን። እሷ ቤቷ ገብታ ከልጆቿ ጋር ስትበላ ድምፃቸው በአጥሩ በኩል ይሰማኛል፤ እኔ ጎመን በባዶው ይዤ ተቀምጫለሁ። እሷ ለምን እንደምትከሳ እንኳ አታውቅም። ለእኔ እያንዳንዱ የምትቀንሰው ነገር ከልጄ ላይ የምትወስደው ይመስለኝ ነበር። ቀሚሷን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ጎንና ጎኑን አስጠበበችው፤ ለብሳም መጣችና፣ እዪው እስኪ አለችኝ። አየሁት። ያምራል አልኩ። ገብታ እስክትሄድ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ደግነቷ ደግሞ ባሰብኝ። የእኔ አለመቀነስ ስላሳዘናት ማር ያልገባበት አጥሚት በእጇ አፍልታ ታመጣልኛለች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በግልጽ እጠላት ነበር።

በቅናት የሚከሳ ሰው ከሁሉ የከፋውን መንገድ ይመርጣል። ሐኪሙ አትቸኩዪ ያለውን ትቼ ቁርስ ተውኩ፣ ከዚያ ምሳም ተውኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መጋዘኑ ውስጥ የተፈለፈለውን ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች መሐል ቆሜ ሳለ ዓይኔ ጨለመና ተዝለፍልፌ የጀንፈሉ ክምር ላይ ወደቅሁ። አማቴ እያለቀሱ በቅቤ አበሱኝ፤ ለመብላት እንቢ ካልኩ በቆዳዬ ሊያስገቡልኝ ነው መሰለኝ። ያን ማታ የቡላ ገንፎውን ከነቅቤው ጥርግ አድርጌ በላሁት። ለጀማሪ የምለው ይኸው ነው፤ መራብ መክሳት አይደለም። የተራበ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ሁሉንም መልሶ ይበላዋል።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባኝ ጀመር። ለቃሚዎቹ ከሳሽ ይሉኛል። አማቴ አለቅሽ ይሉኛል። መቀነቴን ስታጠቅ ጫፉ ይተርፈኛል፤ አንድ ዙር ጨምሬ እጠመጥመዋለሁ። ጉልበቴም ዳገቱን ያለ ማረፍ መውጣት ጀምሯል። ሚዛኑ ግን እንዳለሽ ነሽ ይላል። እኔም ሰዉን፣ መቀነቴንና ጉልበቴን ትቼ ሚዛኑን አመንኩ። ሚዛን አይዋሽም አልኩ፤ ከቡና ነጋዴ ጋር ስንት ዓመት ኖሬ!

አንድ እሁድ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መዛኙ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ጎረቤቴ ተመዝና ወረደች፤ አሁንም ቀንሳለች። እኔ ወጣሁ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ሲወድቅ ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ከሳንቃው ጥግ ላይ የመዛኙን የእግር አውራ ጣት አየሁ። ዝም ብላ አርፋ አልተቀመጠችም፤ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ሳንቃውን ተጭናለች።

ያችን ጣት አውቃታለሁ። በወቅቱ ደጃፍ ስቀመጥ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ገበሬው ጆንያውን ሲጭን ከሳንቃው በታች ትገባና ቀስ ብላ ታነሳዋለች፤ ቡናው ይቀላል። እኔ ስወጣ ደግሞ ከላይ ሆና ትጫናለች። አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኳት ጣት ዞራ እኔው ላይ ወጣች።

"እግርህን አንሳ" አልኩት።

አነሳ። ከኋላዬ ዘንጉ ወርዶ ብረት ሲመታ ሰማሁ።

"እትዬ፣ እኔ ምን ያደርጋል? ጋሼ ነው ያዘዘው" አለኝ፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

አሁን በእሱ ላይ ብጮህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብኛል ብዬ ትቼው ወደ ባለቤቴ ገባሁ። አልካደም። ገና ከጅምሩ ገበሬዎቹ ይጠይቃሉ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እንደፈራውም መጠየቅ ጀምረዋል አለኝ። ካንድም ሁለት ሰው፣ ጋሼ ዘንድሮ ምን ሆነ፣ ሚስቱ አለቀ እኮ ብሎታል። ከዱመርሶ የሚመጡት ደንበኞቹ ማዶ ወዳለችው አግዳሚ መሻገር ጀምረዋል። ሚዛኑ አልቀነስሽም ካላት ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች፣ ወቅቱ ሲያልፍ እንደፈለገች ትሁን ብሎ አሰበ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እንደ በደል አላየውም፤ የንግድ ነገር አድርጎ ነው ያስረዳኝ።

"አንቺ ስትከሺ እኮ የሚከሳው መጋዘኑ ነው" አለኝ።

"ልጅ የምትፈልገው ከመጋዘኑ ነው?" አልኩት።

ከዚያ በላይ አልተጨቃጨቅሁም። ነገ ደጃፍ እቀመጣለሁ፣ እንዲሁ ከስቼ እቀመጣለሁ፤ ያቺን ጣት ከሳንቃው በታችም ሆነ በላይ ካየኋት ለገበሬው በሙሉ ተነስቼ እነግራለሁ አልኩት። አታደርገውም ብሎ አልገመተም፤ ያውቀኛል። ከዚያ ወዲያ እኔ በተቀመጥኩበት ሰዓት መዛኙ ከሚዛኑ አንድ እርምጃ ርቆ ነበር የሚቆመው። ባለቤቴ የወቅቱን ቡና ሲያጣ አላየሁም። ሚዛኑ ቅን ሆነ የሚል ወሬ ከአግዳሚም ይበልጣል መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ በትክክል ተመዘንኩ። እስከዚያ የቀነስኩት ከእሷ እጅግ ይበልጣል። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ የመጀመሪያው ደስታዬ ስለ ልጁ አልነበረም፤ እሷን መብለጤ ነበር። እሷ ደግሞ ከእኔ ብሳ ተደሰተች፤ እልል ብላ ለቃሚዎቹን ጠራቻቸው። ይሄም አናደደኝ። የተሸነፈ ሰው እንደ ተሸነፈ ቢያውቅ ምን አለበት?

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ የሕይወቴ መልካሙ ጊዜ ነበር። እኔ ሳምንት በሳምንት እቀንሳለሁ፤ ጎረቤቴ ቆመች። ቀጥሎ ጥቂት ጨመረች። ቀጥሎ እንደገና ጨመረች። መዛኙ ሲያነብ እኔ ወደ ደጅ ዞሬ ፈገግታዬን እውጥ ነበር። ልብስ ሰፊው ያጠበበው ቀሚስ መልሶ ሲይዛት አየሁ። ዳገቱን ስንወጣ እኔ ከፊት ሆኜ እጠብቃታለሁ፤ እሷ ድልድዩ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች።

ምክር ሰጠኋት፤ በደንብ አድርጌ ነው የሰጠኋት። ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጪ አልኳት። ልጆችሽ ያስተረፉትን አትጥረጊ፣ እናቶችን የሚያወፍራቸው እሱ ነው አልኳት፤ ከየት እንዳወቅሁት እንጃ። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ፣ ዘርዘር እያደረግሁ፣ እንደማያውቅ ሰው አስተማርኳት። እሺ እህቴ ትለኛለች። አንድ እሁድ አልመዘንም አለችኝ። አይሆንም፣ መሸሽ አይጠቅምሽም፣ መጥፎውንም ደፍሮ ማየት ነው ብዬ እጇን ይዤ ሳንቃው ላይ አወጣኋት። መዛኙ አነበበ። ጨምራለች። እኔ ለሳምንቱ በሙሉ ቀለል ብሎኝ ከረምኩ።

ድልድዩ ላይ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ማለዳ ነበር፤ ቆጮ የተሸከሙት ሴቶች ገና አልደረሱብንም። ጎረቤቴ በድንገት ወደ ድልድዩ ጠርዝ ሄዳ ተደገፈችና አስመለሳት። ይኸው፣ አላልኩሽም፣ ማታ ማታ ትበያለሽ ማለት ነው፣ ጮማው ነው አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ነበር።

"እህቴ፣ ምግብ አይደለም" አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የጠበባት ቀሚስ፣ ድልድይ ላይ መቆም፣ አልመዘንም ማለት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ለእኔ የታዘዘውን መንገድ ሄዳ፣ ለእኔ የታዘዘውን ቅቤ ትታ፣ ልጁን እሷ ይዛዋለች።

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ ቀጥላ። "ወላሂ ቢቻል ለአንቺ በሰጠሁሽ።"

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት። አልጠበቅኋትም። ሴቶቹ ቆጯቸውን ተሸክመው ሲደርሱብኝ ዛሬ ጓደኛህ የት ሄደ አሉኝ። የቀናሁት በልጁ ብቻ አይደለም። የወፈረች መስሎኝ ስመክራት እሺ እያለች፣ ምስጢሯን ለእኔ ስትል ውጣ መኖሯም አስቀናኝ። ያንን ያህል ደግ መሆን እኔ አልችልበትም ነበር፤ ዛሬም አልችልበትም።

ይርጋለም ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሙ በሚዛኑ ሲመዝነኝ እግሩን አየሁለት፤ ከሚዛኑ ርቆ ነበር። በጣም ተደሰተብኝ። ጉልበቴ ድኗል አለ። ስለ ልጁ ሲሆን እንደ መጀመሪያው፣ ይሆን ይሆናል አለኝ፤ እንግዲህ ጠብቂ። ጠበቅሁ። አልሆነም። ይህንን ለማያውቅ አንባቢ አሁኑኑ ልንገረው፣ እስከ መጨረሻው እንዳይጠብቅ።

ጎረቤቴ በወለደች ጊዜ የቡላና የቅቤ ስጦታዬን ይዤ ሄድኩ፤ ወጉ ነውና። ሴት ልጅ ናት። አላቀፍኳትም። እጄ ቅቤ ነክቷል አልኩና ወጣሁ። እሷ ስትታረስ፣ እኔ ቆጮዋን ካሸከመችኝ አሮጊት ጋር ከድልድዩ ዳገቱን እወጣለሁ። ማለዳ ከእንቅልፍ መነሳት የሚያቅታት ጀማሪ ካለች ይህን አትርሳ፤ ንዴትም እግር ያነሳል። እኔን ያነሳኝ ለረጅም ጊዜ እሱ ነው።

ጎረቤቴ ከአራስ ቤት የወጣች ሰሞን፣ እሁድ ቀን፣ ልጇን ታቅፋ ወደ መጋዘኑ መጣች። እስኪ እንደ ድሮው እንመዘን አለችኝ። ደልባለች፣ ቆዳዋ በቅቤ ያብረቀርቃል፤ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቁጥሯን ስትሰማ ራሷን ይዛ ሳቀች። እኔ ወጣሁ። መዛኙ አነበበ፤ ከሙሽርነቴ ወዲህ እንደዚያ ቀልዬ አላውቅም። ወዲያው ልወርድ ስል፣ ቆዪ እስኪ አለችኝና ልጇን አንስታ እጄ ላይ አደረገቻት። የእሷን ክብደት በሌላ መንገድ እንዴት እናውቀዋለን፣ ብቻዋን ሳንቃ ላይ አትተኛ ነገር አለችኝ።

ልጅቷ ተኝታ ነበር። ሞቃለች፤ ጭንቅላቷ ክንዴ መታጠፊያ ላይ ሙሉ በሙሉ ገጠመ። ከኋላዬ መዛኙ ብረቱን ወደዚያ ማንሸራተት ጀመረ፤ ድምፁን እሰማለሁ፤ ወደላይ ነው የሚሄደው። ስንት ወር ሙሉ ላወርደው የታገልኩት ቁጥር፣ የመዛኙን ጣት ያየሁበት፣ ባሌን የተጣላሁበት፣ ጎረቤቴን የጠላሁበት ቁጥር፣ እየጨመረ ነው። እንዲቆም አልፈለግሁም።

መዛኙ አነበበ። ጎረቤቴ የእኔን ክብደት ቀንሳ የልጇን አገኘችው፤ ጥሩ ነው አለች። እጇንም ልትቀበለኝ ዘረጋች።

"ይውረዱ እትዬ፣ ታወቀ" አለኝ መዛኙ።

ጎንበስ ብዬ እግሩን አየሁ። ከሳንቃው ርቆ ነበር፤ ምንም ሰበብ አልነበረኝም።

"ደግመህ መዝን" አልኩት።

ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝና የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። መዛኙም ብረቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ፣ ቀስ እያለ፣ እንደገና ማንሸራተት ጀመረ።